ከግቢ የሚወጣን ቆሻሻ ወደ ዜሮ ማውረድ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ መረሬ አፈር፣ 5 ሰው

ሰብለ ዘቱሉዲምቱ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄው ትንሽ ይረዝማል፤ ቁጥር ካልተቀመጠ ግን መልሱም «በርቺ፣ ይቻላል» ከማለት አያልፍም።

ግቢው 175 ካሬ ነው፣ ቤት ያልተሠራበት 60 ካሬ ቢሆን ነው። አፈሩ መረሬ፣ ያ ጥቁሩ የሚጣበቀው ሸክላማ አፈር። ነዋሪው 5 ሰው፣ አንዷ የ7 ወር ሕፃን ናት። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በ10 ቀን፣ ሲዘገዩ በ15 ቀን ይመጣሉ፤ ክረምት ጋሪው ጭቃውን አልፎ ስለማይገባ ይብሳል። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን።

የሁለት ሳምንቱ ቆሻሻ ለየብቻ ተለይቶ በእጅ ሚዛን ተመዝኗል። የሳምንቱ አማካይ ይኸው፦ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላና የተረፈ እንጀራ 11 ኪሎ፤ ዳይፐር 6 ኪሎ፤ አመድና የግቢ ጥራጊ 4 ኪሎ፤ ፕላስቲክ (ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የፓስታና የብስኩት ላስቲክ) 1 ኪሎ ተኩል፤ ካርቶን 1 ኪሎ፤ የቀረችው ግማሽ ኪሎ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ጨርቅ ናት።

ልጣጩን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ተሞክሯል፤ ሐምሌ ላይ ውኃ ሞላበትና ግቢው በሙሉ ሸተተ። የተበላሸው ምኑ ላይ ነው? ዳይፐርን በሽንት ጨርቅ መተካትስ ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ያዋጣል? ፕላስቲኩ ውስጥ ቁራሌው የማይወስደው የት ይግባ? አንዱን እንኳ የሚያውቅ ካለ ይበቃኛል።


አባ ፍግ፦

መዝነሽ መምጣትሽ ነገሩን ቀላል አድርጎታል። ከ24 ኪሎው ግማሽ ያህሉ አፈር የሚሆን ነው። ከዚያ ጀምሪ። ክብደቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ እርጥቡ ከከረጢቱ ከወጣ የቀረው ደረቅ ነው፣ አይሸትም፣ ዝንብ አይጠራም፣ ሰብሳቢዎቹ 15 ቀን ቢቆዩም አያስጨንቅም፣ ፕላስቲኩም ወጥና ልጣጭ ስላልነካው የሚገዛው ያገኛል። እርጥቡን ሳያወጣ በፌስታል የሚጀምር ሰው ብዙ አይዘልቅም።

ጉድጓዱን ያሸተተው መረሬው ነው። መረሬ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል፣ ከዚያ በኋላ ውኃ አያሰርግም። ጉድጓድሽ ገንዳ ሆኗል ማለት ነው። ውኃ ውስጥ የሰጠመ ልጣጭ አየር አያገኝም፣ አየር በሌለበት የሚሠሩት ተሕዋስያን ደግሞ ያንን የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ያወጣሉ። እንጦጦ ግርጌ ባለው ቀይ አፈር ጉድጓድ ያስኬድ ይሆናል፤ መረሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከመሬት በላይ ይከምር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ውኃ ከማይተኛበት ጥግ፣ ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ፣ 1 በ2 ሜትር ቦታ በድንጋይ ወይም በግንባታ ስብርባሪ 15 ሴንቲ ከፍ ይላል። በላዩ ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ወንፊት ይነጠፋል። የዶሮ ሽቦ ርካሽ ቢሆንም ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ አይጥ እንደልቧ ታልፍበታለች። ከዚያ 6 አጣና ተተክሎ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ሁለት ሳጥኖች ይወጣሉ፤ አንዱ ሲሞላ ይቆያል፣ ሌላው ይጀመራል። ጎኑም በዚያው ሽቦ ይዞራል። ነፋስ እንዳያደርቀው ከውስጥ በካርቶን ወይም በኬሻ ይሸፈን። በማዳበሪያ ከረጢት ግን አትሸፍኚው። ያ ክር ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ተበጣጥሶ ከብስባሹ ጋር ይደባለቅና ለቅሞ መጨረስ አይቻልም።

ታች በኩል መጀመሪያ የአንድ ስንዝር ያህል ጭራሮ። አየር የሚገባው በእሱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የወጥ ቤቱን ባልዲ ይዘሽ መሐሉን በመንሽ ከፈት፣ ልጣጩን ጨመር፣ በእጥፉ ደረቅ ነገር ከደን። እጥፉ የሚለካው በክብደት ሳይሆን በባልዲ ነው፤ አንድ ባልዲ ልጣጭ ከሆነ ሁለት ባልዲ ደረቅ። የአንቺ 11 ኪሎ ከ20 እስከ 25 ሊትር ይሆናል፣ ስለዚህ በሳምንት 50 ሊትር ገደማ ደረቅ ያስፈልግሻል፣ ማለትም የአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ግማሽ።

ደረቁ ከየት ይምጣ? የጤፍ ገለባ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነው፣ ግን የከብት መኖ ስለሆነ ውድ ነው፣ ሲረጥብም እንደ ጭቃ ተጣብቆ አየር ይዘጋል፤ ካለሽ ከሻካራ ነገር ጋር አደባልቂው። የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን (የማሸጊያ ቴፑ ይላጥ)፣ የእንቁላል መያዣ ካርቶን፣ የበዓል ቄጠማ (ቆርኪው ይለቀም)፣ ሰጋቱራ። ሰጋቱራውን ስትጠይቂ ከጣውላ የወጣውን ብቻ ይስጡሽ፤ የቺፕውድና የኤምዲኤፍ ሙጫ አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ መበስበስን ያዘገያል፣ ከደረቁ ከአምስት አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል።

የሚበላሸው ነገር በሽታና በእጅ ይታወቃል። ከመሐሉ አንድ ጭብጥ አውጥተሽ ጨመቅ አድርጊው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፣ ከጣትሽ መሐል ከወረደ በዝቷል፣ ጭራሽ ካልተያያዘ ደርቋል። ሽንት ሽንት የሚል ከሆነ ልጣጩ በዝቷል፣ ደረቅ ጨምሪ። እንቁላል እንቁላል ካለ አየር አጥቷል፣ ገልብጪው። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቋል። በየ10 ቀኑ መገልበጥ ይበቃል።

ክረምት ላይ የሚያከሽፈው ዝናቡ ሳይሆን የደረቅ ነገር ማለቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደረቅ ቅጠል አይገኝም። 8 ማዳበሪያ ቅጠል ከወዲሁ ሰብስበሽ ጣሪያ ሥር አስቀምጪ። ክምሩን በዘንበል ያለ ቆርቆሮ ክደኚው፣ ከክምሩ ግን አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

አመዱን እዚያ አትድፊው። መረሬ አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ አፈር ስላልሆነ አመድ አይጠቅመውም፣ ክምሩ ውስጥ ሲበዛም ናይትሮጅኑን በጋዝ ያባርራል። በሳምንት አንድ እፍኝ ይበቃል። የቀረው ለድስት ማሻሻ እና ለጉድጓድ መጸዳጃ መበተኛ ይሁን፣ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል።


ጋጣ በር፦

አባ ፍግ የረሳው ነገር አለ። በሳምንት 11 ኪሎ ብቻ ሲጨመርበት ክምሩ አይግልም፤ ስለማይግል የቲማቲምና የአረም ዘር አይሞትም፣ ጊዜውም 6 እና 7 ወር ይሆናል። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ራሱ ያቆመዋል። እንዲግል አንድ ሜትር ያህል ክምር በአንድ ጊዜ መሠራት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ እበት ያስፈልጋል።

ሰፈርሽ ውስጥ ወተት ላም ያለው ሰው አይጠፋም። ልጣጭ ወስደሽለት እበት ተቀበይው። 4 ማዳበሪያ እበት፣ ከ8 እስከ 10 ማዳበሪያ ደረቅ ነገርና የተጠራቀመ ልጣጭ በየንብብሩ ከተደረደረ በሦስተኛው ቀን ይግላል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ባለ 8 ሚሊ ፌሮ (የግንባታ ብረት) እስከ መሐሉ ሰክተሽ 10 ደቂቃ አቆይና አውጪው፤ ጫፉን በእጅ ይዞ መቆየት ካቃተ ወደ 60 ዲግሪ ደርሷል። ሲበርድ ይገለበጣል፣ እንደገና ይግላል። በዚህ አኳኋን ጥቅምት የተጀመረ ጥር ላይ ይደርሳል።

ስለ መኖው ግን ጥንቃቄ። ለላም የሚሆነው የጎመንና የካሮት ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የባቄላና የአተር ገለፈት፣ በዚያው ቀን የወጣ። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ልጣጭ መርዝ አለው። የሻገተ እንጀራና ዳቦ ጨርሶ አይሰጥም፤ የአንዳንዱ ሻጋታ መርዝ (አፍላቶክሲን የሚባለው) በላሟ ሆድ አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ልጣጩ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ፌስታል ከገባች ደግሞ በላሟ ሆድ ውስጥ ትቀራለች፤ ባለ ላሙ ያንን ካየ ሁለተኛ ከእጅሽ አይቀበልም፣ እውነቱንም ነው።

ለአጥር ጠባቂ ውሻ ወጥ መድፋትም የተለመደ ነው። ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ሲበዛ የውሻን ቀይ ደም ሕዋስ ያፈርሳል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።


ሰብለ ዘቱሉዲምቱ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። የተረፈ እንጀራውስ? ከ11 ኪሎው 2ቱ እሱ ነው።


አባ ፍግ፦

እንጀራ ብስባሽ ውስጥ የሚገባው ከሻገተ ብቻ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ መሐል ተቀብሮ። ላዩ ላይ ከተተወ አይጥ ጠሪ ነው። ሳይሻግት ግን ድርቆሽ ነው መንገዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ገና ሲለሰልስ፣ በሁለት ጣት ስፋት ቀደድ ቀደድ አድርገሽ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው፣ በስስ ነጠላ ሸፍነሽ ፀሐይ አውጪው። ሲሰበር «ቀጭ» ካለ ደርቋል፤ ከታጠፈ ገና ነው፣ እንደዚያ ከታሸገ ጣሳው ውስጥ ይሻግታል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሌለ እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ምጣዱ ላይ አስጥተሽ ክዳኑን ከፍተሽ ተዪው፣ የቀረው ሙቀት ይበቃዋል። ሦስተኛውን ቀን አትጠብቂ። ነጥብ የታየበትን ፍቆ ማድረቅም አይሆንም፣ ሻጋታው ከታየበት አልፎ ውስጥ ገብቷል።


ፍቅሩ 77፦

ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ለምን ጥግ ላይ አታቃጥሉትም? አባቶቻችን ኅዳር ሲታጠን ዓመቱን ጠርገው ያቃጥሉ ነበር እኮ።


ሚዛን አይዋሽም፦

ወንድም ፍቅሩ፣ ኅዳር 12 የሚታጠነው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ካለቀው ሕዝብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያኔ የሚነደው ቅጠል፣ ገለባና ጨርቅ ነበር። ዛሬ የሚነደው ፌስታል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ዳይፐር ነው። እንደ ሽቦ ልባስ ያለው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲጨስ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ አመዱም ጎመን መደብ ላይ የማይበተን ይሆናል። ቅጠሉን ደግሞ ለክምሩ እንፈልገዋለን፣ ለምን ይቃጠል?

ወደ ፕላስቲኩ። ሰብለ፣ 1 ኪሎ ተኩሉን ወለል ላይ ደፍተሽ ሦስት ቦታ ክፈይው።

አንደኛው የሚሸጠው፦ ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የሳሙና ጠርሙስ፣ የተሰበረ ወንበርና ሳፋ፣ ፕላስቲክ ጫማ። ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ያለበት የውኃ ጠርሙስ ነው፣ 2 ጀሪካን፣ 5 ወንበርና ባልዲ። ቁራሌው ቁጥሩን ባያነብም ሲነካው ያውቀዋል። ለጀሪካንና ለሃይላንድ ዋጋ የሚያወርደው ውስጡ የቀረ ዘይትና ውኃ ነው። ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍተሽ ርገጪውና መልሰሽ ክደኚው፤ ካልተከደነ አየር ስቦ ይነፋና ከረጢቱ ይሞላል። የግማሽ ሊትሩ ወደ 80 ያህል ፍሬ ተጠራቅሞ ነው አንድ ኪሎ የሚሆነው፣ ስለዚህ በሳምንት አትጥሪው፣ በሁለት ወር አንዴ ይበቃል። ቆርቆሮና ብረቱም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙው ዞሮ ዞሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባና ምድጃና መጥበሻ ሆኖ ይመለሳል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ለባለ ሱቁ፤ የወይን ጠርሙስ ተመላሽ ስላልሆነ ለማርና ለጠጅ ይቀመጥ። ሊለበስ የሚችል ጨርቅና ጫማ የልዋጭ ነው፣ የተቀደደ ነጠላ ግን እንዳትሰጪ፤ ከታች ትፈልጊዋለሽ።

ሁለተኛው ፌስታል ነው። እሱን የሚገዛ የለም ማለት ይቻላል፣ መፍትሔው ከበር እንዳይገባ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ይከለክላል። በሱ ፈንታ ሱቅ የሚሰጡት ጨርቅ የሚመስል ከረጢት ግን ጨርቅ አይደለም። ጫፉን በክብሪት ብትነኪው ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ከማዳበሪያው ከረጢት ጋር አንድ ዘር። አንድ ሁለት ካለሽ እስኪቀደድ ተጠቀሚበት፣ በየግዢው አዲስ መቀበል ግን ፌስታልን በወፍራም ፌስታል መተካት ነው።

አንድ ቤት የሚገባው ፌስታል ባብዛኛው ከአምስት ቦታ ነው፦ ዳቦ፣ አትክልት፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ስኳርና ጥራጥሬ። 6 የአቡጀዲ ከረጢት፣ 30 በ40 ሴንቲ፣ አፉ በክር የሚታሰር፣ ሦስቱን ይሸፍናል። ለእሑድ ገበያ ዘንቢል፤ ድንችና ካሮት ከታች፣ ሽንኩርት ከላይ፣ ቲማቲም ለብቻው በሳህን። ለሥጋ ክዳን ያለው 3 ሊትር የማይዝግ ዕቃ፤ ሥጋው ከመመዘኑ በፊት ዕቃው ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለስ፣ ይህን ሳትጠይቂ ከቀረሽ ዕቃሽን በሥጋ ዋጋ ትገዢዋለሽ። ወተት በሃይላንድ አትቀበይ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በብሩሽ አይደረስም፣ ሙቅ ውኃም ያጣምመዋል፤ የቀረችው ቅሪት የነገውን ወተት ታኮመጥጣለች። አፉ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ዕቃ፣ በወይራ ቢታጠን ደግሞ እሰየው። ሻይም በከረጢት ከሚመጣው ቅጠሉ ይሻላል፤ ከከረጢቶቹ ብዙዎቹ ላስቲክ ስላለባቸው ብስባሹ ውስጥ ሳይበሰብሱ ይገኛሉ።

ሦስተኛው ክምር የብስኩት፣ የቺፕስና የፓስታ ልባስ ነው። ውስጡ የሚያብለጨልጨው በተለይ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ የሚለያየው የለም። ቁራሌውን አትለምኚው። አጥበሽ አድርቀሽ ለሰብሳቢዎቹ ስጪ፣ ወይም ፓስታውን 5 ኪሎ፣ ብስኩቱን በካርቶን በመግዛት ልባሱን ቀንሺ። ባትሪ ድንጋይ ለብቻው በጣሳ፣ ከሁሉም የራቀ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዜሮ የሚባለው ቁጥር ላይ ክርክር አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲናድ ከ110 ሰው በላይ ሞቷል፤ እዚያ ላይ ተራራ የሠራው የየቤታችን እርጥብና ደረቅ አንድ ላይ የታሰረ ፌስታል ነው። 24 ኪሎው 3 ከሆነ በቂ ነው።


እመ ጨርቅ፦

ዳይፐሩን ማንም አልነካውም፣ 6 ኪሎው ግን እዚያ ነው። ሰብለ እህቴ፣ የውኃ ሒሳቡን እንሥራ።

ሽንት ጨርቅ 60 በ60 ሴንቲ፣ ከአቡጀዲ ወይም ከስስ ፎጣ፣ በጋ 24፣ ክረምት 32 ያስፈልጋል፤ ክረምት ላይ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይውላልና። በላዩ ውኃ የማያሳልፍ መሸፈኛ 4። በየሁለት ቀኑ 16 ገደማ ጨርቅ ይታጠባል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ 10 ሊትር መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና 15 ሊትር፣ ሁለቴ መለቅለቅ 15 እና 15። ድምሩ 55 ነው። የመጨረሻው ልቅላቂ ንጹሕ ስለሆነ ተቀምጦ ለሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ይሁን፣ ከሱ የተረፈውም ወለል ይጠረግበት፤ ወደ 45 ሊትር ይወርዳል። በሳምንት 160 ሊትር፣ 8 ጀሪካን ማለት ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ላለው ቤት ያስኬዳል። በአንድ በርሜል ለሚኖር ግን አያዋጣም፣ እውነቱ ይህ ነው፤ እሱ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ዳይፐር ያድርግ። ሌሊት ብቻ ከሆነ 6 ኪሎው ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይወርዳል።

7 ወር ላይ ልጅቷ ምግብ ስለጀመረች ዓይነ ምድሯ ይጠጥራል። ያ የተቀደደ ነጠላ እዚህ ይገባል፦ 15 በ40 ሴንቲ እየተቆረጠ ጨርቁ ላይ ይነጠፋል፣ ሲቆሽሽ መጸዳጃ ላይ ይራገፋል፣ ዋናው ጨርቅ በሽንት ብቻ ይቀራል።

የሚበላሽባችሁን ልንገራችሁ። የልብስ ማለስለሻ ጨርቁ ላይ ቅባት ይጥልና ሽንት አይመጥም፣ አትጠቀሙ። ሽንት የነካ ጨርቅ ላይ በረኪና ማፍሰስ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ፀሐይ ይበቃል፣ ካልበቃ ማፍላት። እንዶድም ለጋቢና ለነጠላ የሚወዳደረው የለም፣ ለሕፃን ጨርቅ ግን አይሆንም፣ ቆዳ ያሳክካል። (ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣው ሞቶ መገኘቱን ነው። ዓሣም ይገድላል፤ እጥበቱን ወንዝ ውስጥ አትድፉ።)

ያገለገለ ዳይፐር መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጣል። አይበሰብስም፣ ፍሳሽ መጣጩ መኪና ሲመጣ ቱቦውን ይዘጋል። ብስባሽ ውስጥም አይገባም። ጠቅልላችሁ ለሰብሳቢ፣ ሌላ መንገድ የለውም።


አራተኛ ፎቅ፦

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለምንኖርስ? በረንዳችን 1 ሜትር በ2 ሜትር ናት፣ ላምም አጣናም የለንም።


አባ ፍግ፦

ለእናንተ ትል ነው። የግቢው ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ሳይሆን ለብስባሽ የሚራባው ቀይ ትል፤ የመሬቱ ትል ጥልቅ ቆፋሪ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ አይኖርም። ሁለት የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ፤ የላይኛው ታቹ በ5 ሚሊ መሰርሰሪያ 20 ቦታ ይበሳል፣ ከአፉ ዝቅ ብሎም ዙሪያውን 15 ቀዳዳ። የታችኛው ፈሳሽ ይቀበላል። ካርቶን በጣት ስፋት ተቀድዶ፣ ተነክሮ፣ ተጨምቆ 15 ሴንቲ ይሞላል፣ ሁለት እፍኝ አፈር ይበተንበታል፣ ትሉ ይገባል፣ ሦስት ቀን ምንም አይሰጠውም። ግማሽ ኪሎ ትል ሲለምድ በቀን እስከ 200 ግራም ይበላል፤ በ80 ግራም ጀምሩ። ያለፈው ሳይበላ አዲስ መጨመር ነው ባልዲውን የሚያሸተው።

የኛ ወጥ ቤት ችግሩ ሽንኩርት ነው። ትሉ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ በርበሬና ዘይት የነካ አይወድም። እሱን ለብቻ አድርቃችሁ ግቢ ላለው ሰው ስጡት፣ ለክምር አይጎዳም። ባልዲው የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ይቀመጥ፤ 35 ዲግሪ ካለፈ ትሉ ያልቃል። ከታች የሚወርደውን ፈሳሽ አንዱን በአሥር ውኃ በጥብጣችሁ ለአበባ።


ሰብለ ዘቱሉዲምቱ፦

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ብስባሹ መድረሱ በምን ይታወቃል? ሽታው ከጠፋ ይበቃል ወይ? ደግሞስ አሁን ሚያዝያ ነው፤ ልጀምር ወይስ ክረምቱ ይለፍ?


ጋጣ በር፦

ሽታ አያስተማምንም፣ የደረቀም አይሸትም። በፌጦ ፈትኚው። በአሸዋ ወንፊት ከነፋሽው ብስባሽ አንድ ሳህን ሙይ፣ 20 ፍሬ ፌጦ ዝሪበት፣ ሌላ ሳህን ላይ በተራ አፈር እንዲሁ 20። በአምስተኛው ቀን ቁጠሪ። በአፈሩ የበቀለው 18 ሆኖ በብስባሹ 10 ከሆነ፣ ወይም ሥሩ ጫፉ ላይ ቡናማ ከሆነ፣ ገና ነው፣ ሦስት ሳምንት ጨምሪለት። እኩል ከሆነ አንዱን ለሦስት አፈር ቀላቅለሽ ጎመን ትከይበት። መረሬው እየላላ ሲሄድ ራስሽ በዶማው ታውቂዋለሽ።

ሚያዝያ ለመሰብሰብ እንጂ ለመከመር አይደለም። ደረቅ ቅጠሉን አሁን ሰብስቢ፣ 8ቱን ማዳበሪያ ሙይ፣ የድንጋይ መደቡን ከግንቦት 20 በፊት ጨርሺው፤ ጭቃ ከወረደ በኋላ መረሬ ላይ ድንጋይ መደልደል ጫማ መቅበር ነው። ልጣጩን ግን ዛሬውኑ ባለ ላሙ ዘንድ ውሰጂው።


ሰብለ ዘቱሉዲምቱ፦

ባለ ላሙ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፣ ጠዋት ነው ማታ የሚሻለው?


ጋጣ በር፦

ጠዋት፣ ታልባ ስትጨርስ። ከሁለት ኪሎ አይብለጥ ለመጀመሪያው ሳምንት፣ ሆዷ ይልመድ። እበቱን ለመቀበል የራስሽን ማዳበሪያ ይዘሽ ሂጂ።